በሜትር የለካሁት መናፈሻ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲንጀሬ ፊት ተቀምጫለሁ። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ የምርመራ ወረቀቴን አየና «ስኳርሽ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ተራመጂ» አለኝ። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ፈጠን ብሎ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው ትንሹ ብሎ የሚመክረው ይህንኑ ነው። የእኔ መንገድ ደግሞ ክርና ቁልፍ ለመግዛት እስከ ቀፊራ ገበያ ነበር፤ እሱንም በባጃጅ።

በዚያው ሰሞን ከሰፈራችን ጀርባ አዲስ የእግረኛ መንገድና መናፈሻ ተከፈተ። ስሙን አልጠራም። ድሬ ትንሽ ናት፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስምንት ወር ተመላልሼበታለሁ። ሥራ ስጨርስ አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር ማውረድ እረሳለሁ፤ ስለዚህ ዓይኔ ያየውን ሁሉ እጄ ደግሞ ለክቶታል።

መብራቱን ልመርቅ መጀመሪያ። ቦታው ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ከመሸ ሴት ብቻዋን አታልፍበትም፤ ውሻውም ሰውም ያስፈራል። አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሴት ልጆች በሒጃብና በስፖርት ጫማ ሲሮጡበት ታያላችሁ። መብራቶቹ ዝቅ ብለው የቆሙ ስለሆኑ የሚመጣውን ሰው ፊት ከሩቅ መለየት ይቻላል። ይሄ ለወንድ ምንም አይመስለውም። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የመንገዱም ስፋት አያሳፍርም። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዘርግቼ ግማሽ ጨመርኩበት፤ 3 ሜትር ከ75 ሆነ። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትና ሁለት ወሬኞች ጎን ለጎን ያልፋሉ። ብስክሌት የሚነዱ ልጆችም የራሳቸው መሥመር ተቀብቶላቸዋል። ባጃጆቹ መሥመሩን የእነሱ መስሏቸው ሁለት ሳምንት ገብተውበት ነበር፤ ከዚያ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆመና ተላቀቅን።

ወንበሩ ላይ ግን ተጣላን።

የመቀመጫው ከፍታ 54 ሳንቲ ነው። የእናቴ ጉልበት ከመሬት 41 ሳንቲ ላይ ነው፤ ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ስለሆንኩ ልኳን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስትቀመጥ እግሯ እንደ ሕፃን ይንጠለጠላል። መደገፊያ የለውም፤ ክንድ የሚያርፍበትም የለውም። ለመነሳት ሰው መጥራት አለባት። ደግሞ ብረት ነው። አቦ፣ ድሬ ላይ የብረት ወንበር ምጣድ ነው! አንድ ቀን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሳላስብ እጄን ጣል ባደርግበት እንደ ካውያ ለበለበኝ። በአንዱና በሚቀጥለው ወንበር መካከል 210 እርምጃ ቆጥሬያለሁ። ለእኔ ምንም አይደለም። ለእናቴ ግን ሐረር በእግር እንደ መሄድ ነው።

ከሁሉ የከፋው የጥላው ነገር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከለው ዘንባባ ነው። ያምራል፤ በተለይ ፎቶ ላይ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ግንዱ የጣለውን ጥላ ለካሁት፤ ስፋቱ 30 ሳንቲ። የመቀነት ያህል። አናቱ ላይ ያለው ቅጠል የሚጥለው ጥላ ደግሞ ተበጣጥሶ፣ እንኳን ሰው ድመት አያስጠልልም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ከዚራ ሄጄ አንድ የኒም ዛፍ ሥር ሜትሬን ዘረጋሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ጊዜ። 7 ሜትር ተኩል ሆነ። ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ሁለት ባጃጅና ሻሂ የምታፈላ ሴት ከነደንበኞቿ እሱ ሥር ተጠልለዋል። ጎንበስ ብዬ መሬት ስለካ ሲያዩኝ አንዱ «እትዬ፣ ለዛፉ ልብስ ሊሰፉለት ነው?» አለኝ።

በዚህ የተነሳ መናፈሻችን የሚሠራው ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ጥበቃውና እንሽላሊቱ ብቻ ይቀራሉ። ግንቦትና ሰኔ ላይማ 2 ሰዓት ተኩልም ረፍዷል።

ስለ ከዚራ ካነሳሁ አይቀር፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ድሬ ከተማ አልነበረችም። ሐረር ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ ድሬም በዚያ ምክንያት ተወለደች። የባቡር ኩባንያው ሰዎች ከዚራን ሲያቅዱ መንገዱን ቀጥ አድርገው ዘረጉት። ዛሬ እዚያ ቀትር ላይ ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እየዘለልኩ ከሱቄ እስከ ባቡር ጣቢያው እደርሳለሁ። አባቴ ደግሞ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ላይ ነበር የሚሰፋው። የሰፈሩ ስም የመጣው ከእኛው ስፌት መኪና ጫጫታ ነው። እዚያ ዛፍ ብዙ የለም፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው፣ አንዱ ግንብ ለሌላው ጥላ ይሆናል። ሐረርም ድሬም በየራሳቸው ዘዴ ፀሐይን ለክተዋታል። የኛ አዲሱ መንገድ አልለካትም።

ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣ አንድ ወጣት ደንበኛ አለኝ፤ የከተማ ፕላን ነው የተማረው። እያማረርኩ ሳለ እሱ ያስረዳኝ ጀመር። በአገራችን መመዘኛ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ መዋል አለበት አለኝ። «ወረቀት ላይ» አልኩት። ሳቀ። ቀጥሎ ሴሲል ኮናይነንዳይክ የሚባል የከተማ ደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣውን ነገረኝ። ሦስት ቁጥር ነው፤ 3፣ 30 እና 300። ከቤትህ 3 ትልልቅ ዛፍ ይታይህ። ከሰፈርህ 30 በመቶው በዛፍ ቅጠል ይሸፈን። ከቤትህ እስከ መናፈሻ ከ300 ሜትር አይብለጥ።

ማታ ቤቴ ገብቼ መስኮት ከፈትኩ። አንድ ዛፍ ታየኝ፤ እሱም የጎረቤት ፓፓያ፣ ዛፍ ከተባለ። ርቀቱን በእርምጃ ቆጠርኩ፤ መናፈሻው 280 ሜትር ገደማ ነው። አልፈናል! መጀመሪያውና መሃለኛው ላይ ግን ወደቅን። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር፣ ያ የኮናይነንዳይክ 30 በመቶ የመሬት ስፋት አይደለም፤ አናት ላይ ያለ ቅጠል ነው። መሬቱን አረንጓዴ ቀብተህ፣ ሣር አንጥፈህ፣ ሰው ግን ፀሐይ ላይ ልትተው ትችላለህ።

ሣሩንም አልወደድኩትም። ድሬ የምትጠጣው ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር። ሰፈር ውስጥ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ሣሩ ሲጠጣ ማየት አንጀት ያቃጥላል። ዛፍም ውሃ ይጠጣል፤ ግን ሥር እስኪሰድ ነው፣ ከዚያ ራሱን ይችላል። ኒም አለ፣ ሁመር አለ፤ ቀይ አበባ የሚያወጣውን ብዙ አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። እርግጥ ምርጫውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ለበጎ ታስቦ ገብቶ አፋርን እንዴት አድርጎ እንደወረረ አይተናል።

ከመሠራቱ በፊት «ነዋሪ ይወያይበት» ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ማን ሥራ ይፈታል? እኔ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ከጡረተኞች በቀር ብዙ ሰው አልነበረም። ግድግዳ ላይ ቪዲዮ አሳዩን፤ በኮምፒውተር የተሠራ። ፏፏቴ፣ ሣር፣ የሚራመዱ ሰዎች። ሰዎቹ ኮት ለብሰዋል። ኮት! እኔ ድሬ ላይ ከሠርግ ውጪ ኮት ሰፍቼ አላውቅም። እጄን አውጥቼ «እነዚህ ኮት የለበሱት ከየት የመጡ ናቸው?» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። አወያዩም ሳቀና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ወላሂ አልቀለድኩም ነበር።

ቆይቶ ነው ነገሩ የተብራራልኝ። እህቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ እንጦጦ ፓርክ ወሰደችኝ፤ በ2013 የተከፈተው። ሸጋ ነው። እዚያ ሰው ወንበር የሚመርጠው ፀሐይ ያለበትን እያየ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ድሬ 1,200 ገደማ ናት። ገላጣ ንጣፉን እዚያ ሳየው በቦታው ነው፤ እዚህ ስታመጣው የሌላ ሰው ካፖርት ነው።

አንድ ነገር ግን ያቀዱትን አመሰግናለሁ፤ ከልቤ። መንገዱ በደረቅ ወንዝ ዳር ነው የሚያልፈው። የእኛ አገር ደረቅ ወንዝ አይታመንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። የከበደው ዝናብ የጣለው ላይኛው ደጋ ነው፤ ውሃው የደረሰው ተኝተን ሳለ ነው። እኔ በዚያ ሌሊት የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እሱን እዚህ አልጽፍም። እና ይሄን መናፈሻ ሲሠሩ ወንዙ አፍ ላይ ሱቅም ካፌም አላቆሙም። ድንጋይ በሽቦ አስረው ደረደሩ፣ ከሱ በላይ ክፍት ሜዳ ተዉ። ጎርፍ ቢመጣ ሣርና ወንበር ይውሰድ፤ ቤት ከሚወስድ። (ወንበሩንማ ቢወስደው አልቀየምም።) የቀረው ሰው ወደ የት መሮጥ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት ነው። አንድም የለም።

ሽንት ቤት አለ፤ ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ሻሂ ቤት ነው። መግቢያ በነፃ። ቡና 40 ብር፣ ስኒዋ ትንሽ።

የአስተያየት ሣጥንም ሰቅለዋል። የወንበሩን ልክ ጽፌ፣ 45 ሳንቲ ቢሆን ብዬ፣ ሥዕል ጨምሬ ከተትኩ። በወሩ ሣጥኑ ክዳኑ ተገንጥሎ አየሁት። ውስጡ የማስቲካ ወረቀትና የኔው ሥዕል ነበሩ።

ሌላም አለ። ከበሩ ወደ ባጃጅ ማቆሚያው የተሠራው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሰው ዞሮ አይሄድም። ሣሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በሦስት ሳምንት ቀጭን የአፈር መንገድ ወጣ። ሽቦ ተወጠረበት። በማግስቱ ሽቦው ተረግጦ ተኝቷል። እኔ ደንበኛ ሱሪ ሲያመጣልኝ ጉልበቱ ላይ የሳሳውን አይቼ ሰውየው እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እዚያ ላይ ነው ጨርቅ የምደርበው። እነሱ በሽቦ ፈንታ ንጣፍ ቢደርቡበት ኖሮ አልቆለት ነበር።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ሁለቱ ለመብራቱ፣ አንዱ ለወንዙ ዳር።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሂዱ፣ ውሃ ያዙ፣ በላይኛው በር ግቡ። እዚያ ጋ አንድ ያረጀ ኒም አለ። ማን እንደተከራከረለት አላውቅም፤ ሳይቆርጡት መንገዱን በዙሪያው አጥፈውታል። ሥሩ ዝቅ ያለ የድንጋይ ጠርዝ ሠርተዋል፤ 40 ሳንቲ። እናቴ ከመላው መናፈሻ ያቺን ብቻ ነው የምትወዳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣፋጭ ባቅላባዋን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ትቀመጣለች፤ እኔ ዙሪያውን ሦስቴ እዞራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስዞር ጥበቃው ልጅ ተከተለኝ። ሜትሬን አይቶ ነው። አዲስ የደንብ ልብስ ተሰጥቶታል፤ ሱሪው ተረከዙ ላይ ተጎትቶ አፈር ይጠርጋል፣ ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል። «ለሁላችንም አንድ ልክ ነው የመጣው፣ እትዬ» አለኝ እያፈረ። እዚያው ኒሙ ሥር አቆምኩትና ለካሁት። ስድስት ሳንቲ ከታች፣ አራት ከወገብ። ሰኞ ይዞት ይምጣ ብያለሁ።