«የፍሬ ሆርሞን» የተባለውን ጠርሙስ እንዳትገዙ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ችግኝ የምትገዙ ወገኖች፣ ከችግኙ ጋር አብሮ የሚቀርብላችሁን ትንሽ ጠርሙስ ተጠንቀቁ። የመድኃኒቱ ስም አልተጻፈበትም፣ መጠኑም ቀኑም የለም። እኔ ተበልቻለሁ።

ጥቅምት ላይ አራት የቲማቲም ችግኝ ገዝቼ በረንዳ ላይ በቀለም ባልዲ ተከልኩ። ኅዳር ላይ አበባው ፈካ፤ ግን ፍሬ ሳይዝ ከአንገቱ እየተቀነጠሰ ረገፈ። ለሻጩ ብነግረው «ይሄን ንፊበት፣ ብርድ አይል ሙቀት አይል፣ በሳምንት ፍሬ ነው» ብሎ 900 ብር ተቀበለኝ። ነፋሁ። ቅጠሉ ተጠማዘዘ፣ ቀጠነ፣ ክር መሰለ። የያዙትን ሦስት ፍሬዎች ስቆርጣቸው ውስጣቸው ባዶ፣ ዘር የሚባል የለም።

ግብርና የተማረች የአክስቴ ልጅ ባልዲውን አይታ ሳቀች። ጥፋተኛው ብርዱ ነው። ቲማቲም ፍሬ እንዲይዝ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ባይወርድ ይመረጣል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ከ10 በታች ይወርዳል። ያኔ የአበባው ብናኝ አይዳብርም፣ ዘርም አይፈጠርም። ለጋውን ፍሬ ከግንዱ ጋር አጣብቆ የሚያሳድገው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከዘሩ ነው፤ ዘር ሲጠፋ አበባው ይረግፋል። (ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍም ያው ነው፤ ቆላ ያሉ ዘመዶቻችን በሙቀት ይረግፍባቸዋል።)

ሻጩ ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል አልልም። ሰው ሠራሽ ኦክሲን በብርድም ዘር አልባ ፍሬ ያስይዛል። ግን ለአንድ ሊትር ውሃ ጥቂት አስር ሚሊግራም ብቻ፣ ያውም አበባው ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ሲበዛ መርዝ ነው፤ ስንዴ ማሳ ላይ አረም የሚገድለው ቱፎርዲ ራሱ የኦክሲን ወገን ነው! የእኔ ጠርሙስ ምን እንደያዘ ማን ይንገረኝ? ፍሬውን ለልጆቼ ሳላበላ ጣልኩት።

ብሩን ስጠይቀው «አበዛሽው እንጂ» አለኝ። ስንት ሲሆን እንደሚበዛ የት ተጽፎ? ደረሰኝም አልሰጠኝ።

የግድ በብርዱ ወር ከተከላችሁ ባልዲውን የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር አስጠጉት፣ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፣ ረፋዱ ላይ የአበባውን ዘለላ በጣት መታ መታ አድርጉት። ከአራቱ የተረፈችኝ አንዷ እንዲህ ሆና አምስት ፍሬ ይዛለች፣ ዘር ያላቸው።