ለበረንዳችን ብርድ መላ ለፈለገልን ባለሙያ

ሰውዬው ሲመጣ ሜትሩን እንኳ ከቦርሳው አላወጣም። የአባቴን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ይህ ሰው የመጣው ሊሠራ ነው ወይስ ሊያርፍ?» እያልኩ በልቤ አማሁት። ይህን የምጽፈው ላመሰግነው ቢሆንም ለዚያ ሐሜት ይቅርታ ለመጠየቅም ጭምር ነው።

አባቴ ቤት ውስጥ መዋል አይወድም። አመሻሹ ላይ በረንዳ ካልወጣ ቀኑ የመሸ አይመስለውም። ብርዱ ሲበረታ ግን ግቢውን በመስኮት እያየ ይቆዝማል። ባለፈው የብርድ ወራት ታዲያ ጃንጥላ የሚመስለውን የጋዝ ማሞቂያ ገዛሁለት። አልበቃም። ሞቃት አየር የሚነፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨመርኩ፤ ሻጩ «በረንዳውን ሳሎን ያደርገዋል» ብሎኝ ነበር። ልፋ ያለው በሕልሙ ሸክም ይሸከማል እንዲሉ፣ ሁለቱም እየሠሩ አባቴ ኮቱን እንደ ደረበ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን ባለሙያ የጠራሁት ሦስተኛ ማሞቂያ እንዲተክልልኝ ነው። በሙያው አናጺ ቢሆንም የኤሌክትሪክ ሥራም ያውቃል። ከተቀመጠበት ሲነሳ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «እርስዎ የሚያሞቁት ሰማዩን ነው» የሚል ነበር። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ደጅ ላይ አየር ማሞቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው አለኝ። ሦስተኛውን ማሞቂያ ሸጦልኝ ቢሄድ ማን ያውቅበት ነበር? እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው።

በየማዕዘኑ ቀጫጭን የፌስታል ቁራጮች አንጠልጥሎ ለሦስት ቀን ምሽት ላይ ወዴት እንደሚወዛወዙ እንድናይ አዘዘንና ሄደ። አባቴ ሥራ አገኘ፤ በወረቀት እየመዘገበ ጠበቀው። እኔ በግራ በኩል ይመጣል ብዬ የማልኩበት ነፋስ ለካ ከኋላ፣ በቤቱና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ እየተወነጨፈ ነበር የሚገባው። ነፋስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሮጠ፣ ሰውነት የሚሰማው ቅዝቃዜ 0 ዲግሪ ያህል ነው።

እኔ እንግዲያው በግንብ እንድፈነው አልኩ። አልተስማማም። ድፍን ግንብ ላይ የተላተመ ነፋስ ዘሎ ከጀርባው ይወርድና ይሽከረከራል፤ ተቀማጩ ከፊት ሳይሆን ከአናቱ ይመታል። በግንብ ፋንታ ጣውላዎቹን ክፍተት እየተወ አቁሞ ከመቶው 40 ያህሉን ነፋስ እንዲያሳልፍ አደረገው። የሚያልፈው ነፋስ ኃይሉን ጥሎ ስለሚያልፍ እዚያ አጠገብ ሻማ ሳይጠፋ ይበራል። ጥበብ ማለት ይህ ነው፤ የሚገፋውን ነገር በሙሉ አልገፋው ብሎ ማዳከም።

ከላይ ደግሞ ግማሹን በረንዳ በሸራ ሸፈነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱም ሰዉም ዕቃውም ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ ውርጭ የሚበረታውም በእንዲህ ያለው ጥርት ያለ ሌሊት ነው። ሸራው ይህንን ያስቀራል። የጋዙ ማሞቂያ ግን ከሸራው ውጭ፣ ክፍቱ ላይ እንዲቆም አስጠነቀቀን።

የብረት ወንበሮቹን በእንጨት አስቀየረን። ሁለቱም በአንድ አየር ውስጥ አድረው እኩል ቀዝቅዘዋል፤ ብረቱ ግን የሰውን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚስብ ለተቀመጠበት ሰው የበለጠ የቀዘቀዘ ይመስላል። ለእግር ወፍራም ምንጣፍ፣ ለጉልበት ብርድ ልብስ። ይህንስ እናቶቻችንም ይነግሩን ነበር።

ማሞቂያው መጨረሻ ላይ መጣ፤ አንድ ብቻ። አየር የማይነፋ፣ እንደ ፀሐይ በጨረር የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ጨረሩ የሚያርፈው ሰውነት ላይ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። ኃይሉ 2000 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ በማከፋፈያ ገመድ መሰካት አደገኛ ነው ብሎ ራሱን የቻለ መስመር ከነብሬከሩ ዘረጋለት። ዝናብ እንዳይጎዳው ውሃ የማያስገባውን ዓይነት መረጠ። ጣሪያው ጥግ ላይ አርቆ መስቀል ያምራል ብዬ ብከራከርም አልሰማኝም። ሙቀቱ በራቀ ቁጥር በጣም ስለሚደክም፣ በአምራቹ መመሪያ ከተፈቀደው ከፍታ ሳይወጣ ወደ አባቴ ወንበር አዘንብሎ አሰረው።

መብራቱንም ነጭ ከሚያበራው ወደ ቢጫማው፣ በብርሃን ቀለም መለኪያ 2700 ኬልቪን ወደሚባለው ቀየረው። ቴርሞሜትሩ አንድ ዲግሪ አይጨምርም፤ ሰው ግን የሞቀው ይመስለዋል።

አንድ ቀን ተጣልተናል። በጣም በበረደ ምሽት ዙሪያውን በላስቲክ መጋረጃ ዘግቼ ከሰል ላቀጣጥልበት አሰብኩና በስልክ ነገርኩት። ያ ዝምተኛ ሰው ጮኸብኝ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቦታ ሰው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ያልቃል። የጋዙም ማሞቂያ በተዘጋ ቦታ ያው ነው። እሳት ካማረን ከቤቱም ከሸራውም ርቆ ሜዳ ላይ፣ በደረቅ እንጨት ብቻ እንድናነድ ነገረን። እርጥብ እንጨት እሳቱን ውሃ በማትነን ያደክመዋል፤ የሚተርፈው ጭስ ነው። በማግስቱ ሳይጠራ መጥቶ መጋረጃውን በሦስት በኩል ብቻ ሰቀለልኝና አራተኛውን ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

እንከን የለውም አልልም። በቀጠሮው ሰዓት አንድም ቀን አልደረሰም። ሲሠራም ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ካልጠየቁት አያስረዳም፤ አባቴ ጠያቂ ባይሆን ኖሮ ግማሹን አላውቀውም ነበር። ጣውላውንም በየጊዜው ዘይት ቀቡት ብሎናል፤ ይህ እንኳ የእኔ ስንፍና ነው፣ እስካሁን አልቀባሁም።

አሁን አባቴ ራቱን ከበላ በኋላ ይወጣል። ትናንት ሁለት ጊዜ «ግባ እንጂ» አልኩት፤ በሁለተኛው ራሴ ወንበር ይዤ ወጣሁ።

እጅህ ይባረክ። ስምህን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመንከኝ ትቼዋለሁ። በረንዳውን ለማሠራት የሚፈልግ ሰው ግን በግል ይጻፍልኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ። ሲደውሉለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ምሽት ወጣ ብላችሁ ተቀመጡ።