የዓመት የሥራ ልምምድ ወይስ የሁለት ወር ኢንተርንሺፕ?

ቢዝነስ ለምትማሩ ሁለቱም ሲቪ ላይ ያምራሉ። የሚሰጡት ነገር ግን ለየቅል ነው።

በ2 ወር ኢንተርንሺፕ ቦታውን ለመልመድ ብቻ ሳምንታት ያልፋሉ። ሲስተሙን ስትለምዱት መሰናበቻው ይደርሳል። አለቃችሁም ይህን ስለሚያውቅ ጠንከር ያለ ሥራ አይሰጣችሁም።

ዓመት የሚቆይ ተማሪ ግን አንድ የበጀት ዓመት ከዳር እስከ ዳር ያያል። በጀት ሲያዝ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣ፣ ሒሳብ ሲዘጋ እዚያው ነው። መጀመሪያ ላይ የሠራው የሽያጭ ትንበያ ከ6 ወር በኋላ ከእውነተኛው ሽያጭ ጋር ይነጻጸራል። የት ጋ እንደሳተ ለአለቃው ማስረዳት ያለበትም ራሱ ነው። ይሄ በፈተና ወረቀት አይገኝም! የተቆጣ ደንበኛን ጉዳይ እስከ መጨረሻው መከታተልም እንዲሁ።

ዋጋ ያስከፍላል፤ ምረቃ በዓመት ይዘገያል፣ ጓደኞች ቀድመው ይወጣሉ። ዘርፉን ገና ያልመረጠ ተማሪ አጭሩን ቢሞክር ይሻላል፤ በየእረፍቱ የተለያየ ቦታ ማየት ይችላል።

ልቡ አንድ ዘርፍ ላይ ያረፈ ግን ዓመቱን ይውሰድ ባይ ነኝ። ከመፈረሙ በፊት ክፍያውን፣ የሥራ ክፍል መቀየር መቻሉንና ማን እንደሚከታተለው በጽሑፍ ይጠይቅ።