ምርጥ ምድጃ፦ ለደኑ ወይስ ለኪሳችን?

«ምርጥ» የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ፣ ግዙ። ጎንደር ላይ መብራት ሲጠፋ ሊጡ አይጠብቅም፤ ኩፍ ብሎ ይገነፍላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰውም ቢሆን የእንጨት ምድጃ ከማድቤቱ አያወጣም።

ምድጃው ከሲሚንቶና ከቀላል የገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ነው የሚሠራው። አራቱ ቁራጭ ሲገጣጠም ክብ ሆኖ ምጣዱን ይሸከማል፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ድስት ማስቀመጫ ናቸው፣ እንጀራው እየተጋገረ በሚወጣው ሙቀት ውሃ ይሞቃል። እሳቱ ታጥሮ ከምጣዱ ሥር ስለሚቆይ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እንጨት በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። እኔ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ጭራሮ ይበቃዋል፣ ባሕር ዛፍ ማስፈለጥ ቀርቷል። ጭሱም በጣም ቀንሷል፣ ጨርሶ ጠፍቷል ግን አልልም። አንድ ነገር ልመዱ፦ እሳቱ ወደ ኋላው ቀዳዳ ይሳባል፣ ስለዚህ እንጨቱን በጣም ወደ ውስጥ ከገፋችሁት በእንጨት ማስገቢያው በር በኩል ያለው የእንጀራው ጠርዝ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል።

ቅሬታዬ ሻጩ ላይ ነው። አንዱ ቁራጭ ተሸርፎ መጣልኝ፤ ስነግረው «ጭቃ ምረጊበት» ብሎ ሸኘኝ። ውሃ በደንብ ሳይጠጣ የተሸጠ ሲሚንቶ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስትገዙ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ ዱቄት ከረገፈ ተዉት። ደግሞ ከባድ ነው፣ በየጊዜው ቤት ለሚቀይር ተከራይ መከራ ነው።

ይኸው ሻጭ ታዲያ ስለ ደን ሲሰብክ ለጉድ ነው። ደኑ እያለቀ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ለደን ብሎ ከመቀነቱ ብር የሚፈታ ሰው እኔ አላየሁም። ጎረቤቴ እትዬ «ሦስት ጉልቻ ምን አለኝ» ሲሉ ኖረው፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ጋግሬ ስጨርስ የተረፈውን እንጨት አዩና «ከየት ነው የገዛሽው?» አሉ። አለቀ። ገዙም፣ ግን ቶሎ አይደለም፤ ባላቸውን ማሳመን ነበረባቸው። በብዙ ቤት ጭሱን የምትጠጣዋ ሌላ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ ነው፤ እሱ ዓይኑ አይቃጠል፣ ምን አስቸኮለው? ዋጋውን ባንዴ ክፈሉ ሲባል ደግሞ ይብሳል፣ እኛ ሠፈር ያሉ ሴቶች በዕቁብ ነው የገዙት።

ሻጮች ሆይ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ምድጃ ደርድሮ ከመቀመጥ ሊጥ ይዛችሁ ኑና ሰው ፊት ጋግሩበት።