ለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ፦ ትራንስፖርቱ ምን ይመስላል?

ሌስተር ስኩዌር ጣቢያ ቆሜ የምድር ውስጥ ባቡሩን ካርታ አየሁ። ኮቨንት ጋርደን ቀጣዩ ጣቢያ ነው። ካርዴን አስነክቼ ወረድኩ። ባቡር ጠበቅኩ፣ ገባሁ፣ ገና በቅጡ ሳልቆም «ኮቨንት ጋርደን» ተባለ። ስወርድ ሰዉ ሁሉ ተሰልፎ ሊፍት ይጠብቃል። በደረጃው ልውጣ ብዬ ጠጋ ስል ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ 193 ደረጃ አለው፣ 15 ፎቅ እንደመውጣት ነው። ተመልሼ ተሰለፍኩ። ሊፍቱ ሁለቴ ሞልቶ ሄደ፣ በሦስተኛው ደረሰኝ። ላይ ወጥቼ ጥቂት ዞር ዞር እንዳልኩ የተነሳሁበት ቦታ እዚያው ጎኔ መሆኑ ገባኝ።

በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት 260 ሜትር ገደማ ነው። በእግር አራት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ያውም ቲያትር ቤቱን፣ መጽሐፍ መሸጫውን፣ ቀጫጭኖቹን መንገዶች እያዩ። እኔ ግን ሙሉ የባቡር ዋጋ ከፍዬ ሃያ ደቂቃ ያህል መሬት ውስጥ አሳለፍኩ። ለንደንን መጀመሪያ የሚያይ ሰው ከሚሠራቸው ስህተቶች ሁሉ ይሄኛው የሚብስ ይመስለኛል፤ ብር ስለሚያስወጣ ብቻ ሳይሆን ከተማዋን ስለሚሰርቃችሁ ነው። አምስት ቀን ቆይቶ ከለንደን ያየው ዋሻና የጣቢያ በር ብቻ የሆነ ሰው አለ።

ጥፋቱ በከፊል የካርታው ነው፣ ካርታው ደግሞ በጣም ጎበዝ ስለሆነ ነው። ሃሪ ቤክ የሚባል የንድፍ ሠራተኛ በ1931 የኤሌክትሪክ መስመር በሚሳልበት መንገድ ሳለው፣ በ1933 ለሕዝብ ወጣ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ሲታጠፉም በልክ ነው የሚታጠፉት። መሀል ከተማው ተለጥጧል፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ተሰብስቧል። ስለዚህ የትኛው ጣቢያ ከየትኛው ቀጥሎ እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ ምን ያህል እንደሚርቅ አይነግራችሁም። መሀል ከተማ ላይ ሁለት ሦስት ጣቢያ ለመሄድ ስታስቡ መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ የእግር መንገዱን እዩ። መንገድ ዳር ቆመው የምታገኟቸው የእግረኛ ካርታዎችም በጣም ጥሩ ናቸው። ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ አይደለም፤ ፊታችሁን ባዞራችሁበት አቅጣጫ ነው የተሳሉት። ፊት ለፊታችሁ ያለው መንገድ ካርታው ላይም ወደ ላይ ነው። የአምስት ደቂቃ እርምጃ የት ድረስ እንደሚያደርሳችሁም በክብ ተሰምሮ ይታያል። ስልክ ባትሪ ሲጨርስ ያዳነኝ እሱ ነው።

አገልግሎቱን በራሱ ከመዘንነው ግን ከ5 ኮከብ 4 ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ከልቤ ነው። የመጀመሪያው መስመር ሥራ የጀመረው በ1863 ነው፤ ዛሬ 272 ጣቢያ አለው፤ ይህን ሁሉ በአንድ የባንክ ካርድ መዞር ይቻላል። ትኬት የለ፣ ሰልፍ የለ። ማሽኑ ላይ ካርዳችሁን ታስነካላችሁ፣ ጢጥ ይላል፣ ትገባላችሁ። ከ2012 ጀምሮ አውቶቡስ ላይ፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ባቡሩ ላይ እንዲህ ነው የሚሠራው። ደስ የሚለው የቀን ጣሪያ አለው። የቀኑ ሒሳብ የሆነ መጠን ላይ ከደረሰ በኋላ እስኪመሽ ብትመላለሱ አይቆጥርም። ስለዚህ የቀን ትኬት ልግዛ አልግዛ እያላችሁ አትጨነቁ፣ ማሽኑ ራሱ ያሰላላችኋል።

እዚህ ላይ ግን በደንብ ስሙኝ። የገባችሁበትና የምትወጡበት ካርድ አንድ መሆን አለበት። ስልክ ላይ የተጫነ ካርድና ኪሳችሁ ያለው ፕላስቲኩ ካርድ ያው አንድ የባንክ ሒሳብ ቢሆኑም ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። ጠዋት በስልክ ገብታችሁ በፕላስቲኩ ብትወጡ፣ ማሽኑ የሚያየው አንድ ገብቶ ያልወጣ ሰውና አንድ ሳይገባ የወጣ ሰው ነው። ለሁለቱም ከፍተኛውን ዋጋ ይቆርጣል። የቀኑ ጣሪያም ለሁለት ተከፍሎ ይበላሻል። ስልክ ከሆነ ስልክ፣ ካርድ ከሆነ ካርድ፣ አንዱን ምረጡና በሱ ጨርሱ። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ አብራችሁ መግባት አትችሉም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ከ11 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂ ጋር ከሆኑ በነፃ ይሄዳሉ፣ ሰፊው በር ጋ ላለው ሠራተኛ መንገር ነው። የውጭ አገር ካርድ ከሆነ ደግሞ ባንካችሁ በየቀኑ ኮሚሽን ይቆርጥ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሚቆርጥ ከሆነ ጣቢያ ላይ ኦይስተር የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ ገዝታችሁ ገንዘብ ሙሉበት፤ የአዋቂ ዋጋውም ጣሪያውም አንድ ነው።

ስሞቹም ያሳስታሉ። ኤጅዌር ሮድ መሀል ከተማ ነው፣ ኤጅዌር ግን የኖርዘርን መስመር መጨረሻ፣ ከተማው ዳር ነው። በዚያ ላይ ኤጅዌር ሮድ የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉ፤ ከውስጥ አይገናኙም፣ መንገድ መሻገር አለባችሁ። «ኤጅዌር ሮድ ጣቢያ እንገናኝ» ተባብላችሁ ሁለታችሁም በሰዓቱ ደርሳችሁ ላትገናኙ ትችላላችሁ። ኖርዘርን መስመር ራሱ መሀል ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ «ባንክ» በሚባለው ጣቢያ፣ አንዱ በቻሪንግ ክሮስ ጣቢያ ያልፋል። ከመግባታችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ።

ኤስካሌተር ላይ በቀኝ ቁሙ፣ ግራው ለሚቸኩል ነው። መኪና ከቀኝ ስለሚመጣ አስፋልቱ ላይ የተጻፈውን «ወደ ቀኝ እይ» ሳታነቡ እግራችሁን አታንሱ።

ከሂትሮው አየር ማረፊያ ስትወጡ ድካሙ ስለሚኖር መጀመሪያ ባያችሁት ማስታወቂያ አትሂዱ። ፈጣኑ ባቡር ፓዲንግተን ጣቢያ በ15 ደቂቃ ያደርሳል፣ ግን ውድ ነው፤ ከፓዲንግተንም ሌላ መስመር መያዛችሁ አይቀርም። በ2022 የተከፈተው ኤልዛቤት መስመር በመጠኑ ይዘገያል እንጂ ዋጋው በጣም ይቀንሳል፣ መሀል ከተማውንም አቋርጦ ይሄዳል። ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነና ካልቸኮላችሁ ፒካዲሊ መስመር ከሁሉም ይረክሳል።

ብዙ እንግዳ የሚረሳው አውቶቡሱን ነው። ፎቶ ያነሱታል እንጂ አይሳፈሩበትም፤ መንገዱ አይታወቅም ብለው ይፈሩታል መሰለኝ። ከባቡር ግን ይረክሳል፣ አንዴ ካስነካችሁ በኋላም ለአንድ ሰዓት በዚያው ሒሳብ ሌላ አውቶቡስ መቀየር ትችላላችሁ። ስትወርዱ ካርድ አይነካም፣ ስትገቡ ብቻ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከ2014 ወዲህ አይቀበሉም። ፌርማታ ላይ ቆማችሁ አውቶቡሱ ሲመጣ እጃችሁን ዘርጉ፣ አለዚያ ሹፌሩ የምትሳፈሩ ላይመስለው ይችላል። በፊት በር ገብታችሁ ቀጥታ ወደ ላይ ውጡ። የመጀመሪያው ረድፍ ክፍት ከሆነ ቶሎ ያዙት።

እኔ የምመክራችሁ ቁጥር 15ን ነው። ከትራፋልጋር አደባባይ አቅራቢያ ያዙት፣ ስትራንድ የሚባለውን መንገድ ይዞ በፍሊት መንገድ አድርጎ የለንደን ታወር ወደሚባለው ጥንታዊ ምሽግ ይሄዳል። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ከሆነ ይንቀራፈፋል፣ ስለዚህ ረፋድ ላይ ምረጡ። ላይኛው ፎቅ ፊት ለፊት ስትቀመጡ የዛፍ ቅርንጫፍ መስታወቱን ጠረግ ያደርገዋል፣ ሰው ከታች ይተራመሳል። ፍሊት መንገድ አልቆ ዳገቱን ሲጀምር ደግሞ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ከሕንፃዎቹ መሀል ብቅ ይላል፤ አውቶቡሱ በተጠጋ ቁጥር እያደገ፣ እያደገ መጥቶ መስታወቱን ይሞላዋል።