ኮምቦልቻ ያለው የመኪና ኤሌትሪሺያን (ሦስት ወር ስትገፋ የከረመች አይሱዙ)

እኔ እንዲህ አይነት ነገር ጽፌ አላውቅም ግን ይሄን ልጅ ዝም ብየ ባልፈው ደስ አይለኝም። መኪናየ አሮጌ አይሱዙ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ናት፣ ከቆቦ ሽንኩርት ጭኜ ደሴ አራግፋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ቁልፍ ስጠመዝዝ ጠቅ ትልና መብራቱ ድክም ይላል፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ እሚያስነሳው) አንዴ እህህ ብሎ ዝም። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ እሱ ሲጨመርበት ጭራሽ። ደግነቱ ደሴ ቁልቁለት አይታጣም፣ ማታ አፍንጫዋን ወደታች አዙሬ ድንጋይ ሸጉጬ አድራለሁ ጠዋት ረዳቴ ድንጋዩን ያነሳል በሁለተኛ ማርሽ ለቀቅ ሳደርጋት ትነሳለች። ሜዳ ላይ ከሆንኩ ግን ምሳ ስበላም ሞተር አላጠፋም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ስሙ ይቅር፣ ባትሪ ነው አለኝ ሁለቱንም ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ሳትቆይ ያው ሆነች። ቀጥሎ ሞተሪኖ ነው ብሎ አወረደና የውስጡን ካርቦን ቀየረ፣ ያው። ዲናሞ (ባትሪውን ቻርጅ እሚያደርገው) ነው ሊለኝ ሲል ቁልፌን ተቀብየ ወጣሁ። የባትሪዎቹን ዋጋ አልጽፍም አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

ከዛ ጓደኛየ የሐረጎን ቁልቁለት ውረድና ኮምቦልቻ አንድ ልጅ አለ አለኝ። ቦታው ቆርቆሮ በር ነው፣ ስም የለውም፣ በቀለም "ኤሌትሪክ" ተብሎ ተጽፎበታል በቃ። ልጁ መፍቻ ሳያነሳ መጀመሪያ "ጋሼ ስትገፋ ትነሳለች?" አለኝ። ወዲያው ነው እምትነሳው አልኩት። "እንግዲያ ናፍጣዋም ፖምፓዋም ደህና ነው፣ ችግሩ እሚያዞራት ጋ ነው" አለ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አወጣና ሁለቱን ባትሪ አንድ ላይ ለካ፣ 25.3 ቮልት። ደህና ነዋ ስለው "ቆይ ይሄ ተኝታ ነው" ብሎ ረዳቴን ቁልፍ እንዲጠመዝዝ አደረገ።

እዚህ ጋ ነው ሰውየው የተለየብኝ። ቁልፉ ተጠምዝዞ ባትሪው ላይ 24 ይላል፣ ሞተሪኖው ላይ 15። "ዘጠኙ ቮልት የት ገባ ጋሼ?" አለኝ እየሳቀ፣ እኔ ምን አውቄ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ አድርጎ ለካ፣ ግማሽ ቮልት እንኳ አልሞላም። ወደ ማሳው (ኔጋቲቩ ከመኪናዋ ብረት ጋር እሚታሰርበት) ዞረ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሻንሲው፣ ማለት የመኪናዋ የታች ብረት፣ ስምንት ቮልት ከምናምን። ቁልፉ ሳይጠመዘዝ ግን ያው ቦታ ዜሮ ነው፣ ሞተሪኖው ብዙ አምፒር ሲስብ ነው እሚጋለጠው አለኝ። "እስቲ እጅህን እዚህ አድርግ" አለ፣ የማሳው ገመድ ሻንሲው ላይ እሚታሰርበት ቦሎን ያቃጥላል!

ፈታው። ከጫፉ ሥር ቀለም፣ ከቀለሙ ጎን ዝገት፣ የገመዱ መዳብ ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። አምና ሻንሲዋን ቀለም ያስቀባሁት እኔው ነኝ፣ ቀለም ቀቢው ገመዱን መልሶ ቀለም ላይ አሰረው እኔም አምሮባታል ብየ ከፍየ ወጣሁ። ልጁ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተገው፣ ገመዱን ቀየረ፣ አስሮ ሲያበቃ ከላይ ግራሶ ቀባው። ቴስተሩን እዛው ቦታ አድርጎ ቁልፍ አስጠመዘዘኝ፣ 0.2 ቮልት። ወላሂ ቁልፉን ጠምዝዤ ሳልጨርሰው ተነሳች። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 27.9 አየና ዲናሞህም ጤነኛ ነው አብሽር አለኝ። ገመዱን ጨምሮ 1,500 ብር።

እሚያናድደው ነገርም አለ። ስልክ አያነሳም። ጁምዓ ቀን ከስድስት ሰዓት በፊት ካልደረስክ እስከ ዘጠኝ ፀሐይ ላይ ነህ፣ ጥላ የለም ወረፋው ደግሞ የባቲ ሰኞ ገበያ ነው። ደረሰኝም አይሰጥም፣ ድርጅት ካለህ አስብበት። የናፍጣ ጌጄ (መጠን ጠቋሚው) አሁንም ባዶ ነው እሚለው፣ ሐሙስ ና አየዋለሁ ብሎኝ ነበር፣ ሐሙስ ሄድኩ በሩ ዝግ ነው፣ ደወልኩ ያው አላነሳም።