ለቢሯችን ኤኢዲ ስንገዛ፦ ማሽኑም ሥልጠናውም

ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ። ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ስለምሠራ የኤኢዲ ግዢው እኔ ላይ ወደቀ። ኤኢዲ የልብ ምት በድንገት ሲዛባ በኤሌክትሪክ ንዝረት (ሾክ) የሚያስተካክል ማሽን ነው። ለመጠቀም ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ፕሮፎርማ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ነው። እኛ ጋ ደግሞ ፊርማ ማሰባሰቡ ብቻ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዋጋ አልጽፍም፤ እናንተ ስትጠይቁ ሌላ ይሆናል።

የመረጥነው ዞል ኤኢዲ ፕላስ ነው። ርካሹ አልነበረም። ፋይናንሳችን «ሁሉም ሾክ ነው የሚያደርገው፣ ውዱን ምን አመጣው?» አለ። ግማሽ እውነት አለው። ሁሉም የልብ ምቱን ራሱ ያነባል። ሾክ የማያስፈልግ ከሆነ ቁልፉን ብትጫኑትም አይሰጥም። ልዩነቱ ያለው ሲፒአር ላይ ነው፤ ማለትም የወደቀውን ሰው ደረት ስትጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን አለባችሁ። የደነገጠ ሰው ይህን በግምት አያገኘውም። ይሄኛው ፓዱ ላይ፣ ማለትም ደረት ላይ የሚለጠፈው ላይ፣ ሴንሰር አለው። የምትጫኑበትን ፍጥነት በድምፅ ይመራችኋል፤ ስትለሰልሱ «ጠንከር አድርጉ» ይላል።

ፓዱና ባትሪው እስከ 5 ዓመት ይቆያሉ። ብዙዎቹ ማሽኖች ፓዳቸው በ2 ዓመት ገደማ ይቀየራል። ግን የታሸገው ላይ ያለውን ቀን ራሳችሁ አንብቡ። አንድ አቅራቢ ሊያበቃ ጥቂት ወር የቀረው ፓድ ይዞልን መጥቶ ነበር፣ ያውም ፈገግ እያለ።

ጉድለቱ የገዛነው ማሽን የሚያወራው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ደግነቱ ክዳኑ ላይ ሥዕሎች አሉ፤ ተራው የደረሰው ሥዕል አጠገብ መብራት ይበራል። እኛ ከሥዕሎቹ ጎን አማርኛ ለጠፍንባቸው።

ሥልጠናው ላይ ግን ተከራከርኩ። መጀመሪያ የተጠሩት የክፍል ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ። ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው፤ ከቢሮ ውጭ ነው። ሕንፃው ውስጥ ሁሌ ያሉት ጥበቃዎችና ጽዳቶች ናቸው። እነሱ እንዲገቡ አደረግን። አንድ ድርጅት በግማሽ ቀን ስላይድ አሳይቶ ሰርተፊኬት ሊሰጠን ነበር፤ ተውነው። የወሰድነው ከቀይ መስቀል ነው፤ መሬት ላይ ተንበርክከን፣ አሻንጉሊት እየተጫንን። ከሁላችንም ልኩን ያገኙት የጽዳቷ እትዬ ናቸው። ፋይናንሳችን ላብ በላብ ሆኖ ቶሎ ደከመው። ለካ በየሁለት ደቂቃው መቀያየር ያለብን ለዚህ ነው።

አሠልጣኙ የእኛን ሰው ያውቃል። ሰው ሲወድቅ ከበን «አየር ስጡት» እንላለን፣ ውሃ እንረጫለን፣ ክብሪት እንጭራለን። ሲያጣጥር ደግሞ «እየተነፈሰ ነው» ብለን እንቆማለን። ማጣጣር ግን መተንፈስ አይደለም፤ መጫን ይጀመራል። ማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል ፓዱ ሥር እንዳይገባ ገፋ ይደረጋል፤ ማተቡን መበጠስ አያስፈልግም። ሴት ከሆነች ጡት መያዣው ይወልቃል ወይም ይቆረጣል። እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ «በነጠላ እንከልላለን» አለች። አሠልጣኙም ከልሉ፣ ግን አትዘግዩ አለ። ያለ ሲፒአርና ያለ ሾክ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። 907 ደውላችሁ አምቡላንሱ ቶሎ ቢነሳ እንኳ ማታ 11 ሰዓት ላይ የሜክሲኮን መንገድ ታውቁታላችሁ።

ንብረት ክፍል ሳጥኑ ይቆለፍ ብሎ ነበር። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዲሆን? ሲከፈት በሚጮህ ሳጥን ተስማማን። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ነው። ጥበቃዎቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ የማሽኑን አረንጓዴ ምልክት ያያሉ፤ ቀይ ኤክስ ከሆነ ይደውሉልኛል።

አንድ ነገር፦ ፓድ አንዴ ከተለጠፈ አይደገምም። ትርፍ ፓድ ከመጀመሪያው ፕሮፎርማው ውስጥ አስገቡ። በኋላ ለብቻው ማስፈቀድ ሌላ ጣጣ ነው።